መክብብ፣ ይሄም ያንተ ተንኮል መስሎኝ ነበር

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስልኬን ስከፍት መክብብ ገጽ ላይ ጥቁር ፎቶ አየሁ። ከስሩ «መክብብ አረፈ» ይላል። አላለቀስኩም። «ወግድ፣ ዛሬ ደግሞ በራስህ ስም መጣህ?» ነው ያልኩት።

ለምን እንዳላመንኩ ለማታውቁት ልንገራችሁ።

መክብብ እዚህ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው። «ነበር» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ። እኔ የአረርቲ ልጅ ነኝ፤ ለሥራ መጥቼ በዚሁ ቀረሁ። ኦዲተር ነኝ። ደረሰኝ ሳላይ የማምነው ነገር የለም፤ እናቴም ትመሰክራለች።

የተዋወቅነው የራሴን ኮምፒውተር ላሠራ ሱቁ የሄድኩ ቀን ነው። ጌም እየተጫወተ አገኘሁት። አንድ ጦረኛ ሆነህ አገር ለአገር የምትዞርበት፣ ከሰው የምታወራበት፣ ከአውሬ የምትዋጋበት ረጅም ጌም ነው። ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ኪቦርዱ ላይ ከኢስኬፕ በታች ያለችውን ቁልፍ ነካ አደረጋት። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ጥቁር የመጻፊያ ቦታ ወጣ። አንድ መስመር ጻፈ፤ ጦረኛው እጅ ላይ የወርቅ ጋሻ ዱብ አለ።

«ይሄ ጋሻ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ጽፌ አመጣሁት።»

«ማን ፈቅዶልህ?»

«ጌሙን የሠሩት ሰዎች ለራሳቸው መሞከሪያ የተዉት በር ነው፤ ኮንሶል ይሉታል። አልቆለፉትም።»

ያልተቆለፈ በር ስሰማ እኔ ሌላ ሰው ነው የምሆነው። «ምንጩ ያልታወቀ ንብረት ነው» አልኩት። ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያ ኮምፒውተሬን ሠርቶ ሰጠኝና «ፋይሉ ሁሉ ጠፍቷል፤ እንግዲህ እንደ አዲስ መተዋወቅ ነው» አለኝ። ለደንበኛ ሁሉ የሚላት ቃል ናት። ሆን ብሎ አጥፍቶብኝ ይሆን ብዬ ስንት ጊዜ ጠርጥሬዋለሁ።

እንዲያም ሆኖ ከሥራ ስወጣ ሱቁ ጎራ ማለት ለመድኩ። እሱ የሰው ኮምፒውተር ሲፈታ እኔ እጫወታለሁ። ጌሙ ውስጥ ከኋላዬ እየተከተለ ዕቃዬን የሚሸከምልኝ ጋሻ ጃግሬ ነበረን። የፈረንጅ ስሙ አፋችን ላይ አልገባ ቢል መክብብ በኮንሶል ጓንጉል ብሎ ሰየመው። ባየኝ ቁጥር በእንግሊዝኛ «ወዳጄ፣ መንገድ እንጀምር» ይለኛል። ወድጄው ነበር፤ ምን ልደብቃችሁ።

አንድ ቀን ዋሻ ውስጥ ሞተብኝ። «ጻፍና አስነሳው» አልኩት። ለመጻፍ የማይሰንፈው መክብብ መፍቻውን ከእጁ አላስቀመጠም። በኋላ «ይነሳል፤ ግን አያውቅሽም» አለኝ። ሊያታልለኝ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። ጻፈ። ጓንጉል ብድግ ብሎ አየኝና «ማነሽ? ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አለኝ። አብረን የዞርነው አገር ሁሉ ከውስጡ ታጥቧል።

እንባዬ መጣ። ለጌም ማልቀሴ አናደደኝ። መክብብ አልሳቀብኝም። «እንግዲህ እንደ አዲስ መተዋወቅ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «የማያውቀኝን አልፈልግም» አልኩት። አንድ መስመር ጽፎ መልሶ አስተኛው።

የዚያኑ ቀን ገጹ ላይ ጥቁር ፎቶ ለጠፈና «ጓንጉል አረፈ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ አክስቱ ከመዘዞ እያለቀሱ መጡ። አልቅሰው ሲበቃቸው ነው «ለመሆኑ ጓንጉል የማን ልጅ ነው?» ብለው የጠየቁት። እህቱ እታገኝ ደግሞ ለሚደውለው ሁሉ ሳቋን እያፈነች ስታለቅስ ነበር።

እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ዛሬ ለምን አልጠረጥር?

ስልኩ ላይ ደወልኩ። እታገኝ አነሳች፤ ታለቅሳለች። ይቺን ለቅሶ አውቃታለሁ አልኩና ባጃጅ ይዤ ቤቱ ሄድኩ፤ እጅ ከፍንጅ ልይዘው። በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የጎረቤት ሰርግ ይሆናል አልኩ። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ማስረጃ አይሆንም።

አክስቱን አየኋቸው። አጎንብሼ በጆሯቸው «እማማ፣ የምር ነው?» አልኳቸው።

«የዛሬውን የማን ልጅ ነው ብዬ አልጠይቅም፣ ልጄ» አሉኝ።

አሁንም አላመንኩም። ከቤቱ ጋር ወደተያያዘው ሱቁ ገባሁ። የመክብብ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ በዚህ ብርድ ካጠፉት ጠዋት አይነሳም። ስለዚህ አያጠፋውም፤ ብርድ ልብስ ጣል አድርጎበት ነው የሚተኛው። ተደብቆ እየተጫወተ ከሆነ ይሞቃል ብዬ እጄን ከብርድ ልብሱ ስር ሰደድኩ። ቀዝቅዟል።

«ማን አጠፋው?» አልኳት ተከትላኝ የገባችውን እታገኝን።

«እኔ ነኝ። ትናንት ደረቴን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ ማታ ለራት ብቀሰቅሰው አልነቃም። እሱ ሳይኖር የማሽኑን ድምፅ መስማት አቃተኝ።»

ያመንኩት ያኔ ነው። ነገ እናቱ አገር ጎረቤላ ይወስዱታል።

መክብብ፣ ወንድሜ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠረጥር ኖሬ ጥርጣሬዬ እውነት እንዲሆን የለመንኩት ዛሬ ብቻ ነው። ከጓሮ ብቅ ብለህ ብትስቅብኝ ምን ነበረበት?

ያን ቀን የማያውቀኝን አልፈልግም ብዬህ ነበር። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የሄድክበት አገር ያልተቆለፈ በር ካለ ጻፍና ተነስ። «ማነሽ? ምን ፈልገሽ መጣሽ?» በለኝ፤ አልቀየምህም። ኮምፒውተር ላሠራ ነው እልሃለሁ።

እንደ አዲስ እንተዋወቃለን።