ለጥናቱ የተሳለ ጥላ

ታላቅ ወንድሜ ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ይሰሙታል። ጋንጃ ሲያጨስ ዝም የሚሉለት ይመስለው ነበር። ሐኪሙ ግን ጭሱ እንደሚያባብስበት ነገረን። ከዚያው ቅጠል የሚወጣ፣ የማያሰክር ሌላ ንጥረ ነገር ለዚህ ሕመም ይረዳ እንደሆነ ውጭ አገር እየተጠና ነው አለ።

«ታዲያ እሱን ይስጡታ!» አለች እናቴ።

«ገና አልተረጋገጠም እኮ፣ እማማ።»

ስንመለስ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ፣ ጥናቱ ከተሳካ ጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች።

ወንድሜ ሳቀባት። «ለፈረንጅ ላብራቶሪ ጥላ? አራዳ ነሽ እኮ እማዬ!»

እሷም ሳቀች። ወንድሜ ግን ድንገት ማንም ወደሌለበት ዞረና፣ «እሺ፣ አልስቅም» አለ።

እናቴ የምትጨምረው ስለት አጥታ እጁን አጥብቃ ያዘችው።