አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

ባለቤቴ ረግታ ተቀምጣ ምሳ ስትበላ ያየ ሰው ካለ ይመስክር፤ እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር አላየሁም። በአንድ እጇ ማንኪያ ይዛ በሌላው ስልክ ትደውላለች፤ ካልደወለችም ተነስታ መስኮት ትዘጋለች። የጠፋ ምድጃ መጥፋቱን ለማየት ከበር ሦስቴ ትመለሳለች። አራተኛውን የሚያስቀርላት "ጠፍቷል አልኩሽ" የሚለው የኔ ድምፅ ነው፤ እሱንም ካመነችኝ።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ የከተማ አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ነው። እኔ ሾፌር ነኝ፣ እሷ ደግሞ ስምሪት ክፍል ናት። የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። ሾፌሮቹ "ደወሏ" ይሏታል፤ አንድ መኪና አምስት ደቂቃ ከዘገየ ስልኩ ይጮኻልና። ፍሬኑን አይተሃል? ጎማውስ? ዝናቡ በርትቷል፣ ቀስ በል። ይሰለቻሉ፣ ያሾፉባታልም። ቢሆንም የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቦታውን በተጠባባቂነት ይዛ በሠራችባቸው ሁለት ዓመታት አንድም መኪና ፍሬኑ ሳይታይ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም።

እኔን ደግሞ "በረዶው" ይሉኛል። መንገድ ሲዘጋጋ ሌላው ጥሩምባውን ሲያስጮኽ፣ እኔ መስታወቴን እየወለወልኩ እጠብቃለሁ። ማታ እሷ ከሥራ ስትዘገይ "እግሬን ላፍታታ" ብዬ እወጣና አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ካለው መድኃኒት ቤት አጠገብ "በአጋጣሚ" እንገናኛለን። አንተማ ምን አለብህ፣ ትንሸራሸራለህ ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ።

ዘንድሮ ድርጅቱ የስምሪት ኃላፊውን ቦታ በቋሚነት ሊሞላ ተነሳ። ሥራ አስኪያጁ ምርጫው በጥናት ይሁን አሉና አንድ ባለሙያ አመጡ። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን የሚሰብር ልጅ እግር ነው። የመጣው የወንድና የሴት ሠራተኞችን ጠባይ ለክቶ ልዩነቱን በቁጥር ሊያሳይ ነው። አርባ ጥያቄ ያለው ወረቀት አዘጋጀ። ሥራው ቁጥር ማክበብ ነው፤ አንድ ማለት ፈጽሞ እኔን አይደለም፣ አምስት ማለት ልክ እኔን ነው። ቶሎ እቆጣለሁ፤ ዕቃዬን በቦታው አስቀምጣለሁ፤ ሰው ሲናገር አላቋርጥም። መጨረሻው ላይ ደግሞ "የሚጨምሩት ካለ" የሚል መጻፊያ መስመር አለ። ስም ቀርቶ የሠራተኛ መለያ ቁጥር ብቻ ይጻፍበታል፤ ወረቀቱ ደግሞ ከግቢ እንዳይወጣ ተባለ።

የማደሉና የመሰብሰቡ ጣጣ ባለቤቴ ላይ ወደቀ። ሴቶቹ፣ ማለትም ትኬት ቆራጮቹና የቢሮ ሠራተኞቹ፣ በምሳ ሰዓት አዳራሽ ተቀምጠው ባለሙያው እያያቸው ሞሉ። እኛ ሾፌሮቹ ግን ሁላችንም ወንዶች ነን፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ መንገድ ላይ ነን። ለወረቀት ብላ አውቶቡስ ማቆም ሞቷ ነው። ስለዚህ "እቤታችሁ ሞልታችሁ ነገ አምጡልኝ" አለችን። እኔ የኔን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረግኩና፣ "አንቺ ሙይልኝ፣ ከኔ በላይ ታውቂኛለሽ" አልኳት። የሽንኩርት ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን ጠርጋ፣ ሳታቅማማ አርባውንም ሞላችው። እኔን ለመሙላት አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በመረጋጋት ወንዶቹ ሴቶቹን በሰፊው ይበልጣሉ። በዕቃ አያያዝና ሰው በማዳመጥ ወንዶቹ ወለል ላይ ተነጥፈዋል፤ እሱን ግን ማንም ልብ አላለውም። ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ አለ፤ የስምሪት ኃላፊነት የረጋ ሰው ስለሚፈልግ ዕጩዎች ከሾፌሮች መካከል ይቅረቡ ይላል።

ያን ቀን ባለቤቴ አላለቀሰችም። ቁጭ ብድግ ስትል አመሸች። የታጠበ ብርጭቆ መልሳ አጠበች። "እውነታቸውን እኮ ነው፣ ጭንቀታም ነኝ" አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለብርጭቆው። የሁለት ዓመት ልፋቷን ዐይኗ እያየ ሲወስዱባት እያናደደኝ፣ እኔ ምን አልኩ? ይቅርብሽ፣ ቦታው ምን ይሠራልሻል አልኩ። አሁን ሳስበው ምላሴን ልነክሰው ይቃጣኛል።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ወደ መዝገብ ቤት ልትልክ ሳጥኑን ከፈተች። የሾፌሮችን የእጅ ጽሑፍ እንደ መልካቸው ታውቀዋለች፤ የጉዞ ደብተራችንን በየቀኑ የምትፈርመው እሷ ናት። የሦስት ቁጥር መስመሩ ሾፌር ሲጽፍ ፊደሉ ሁሉ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ በእሱ መለያ ቁጥር የመጣው ወረቀት ላይ ግን ቀጥ ያለ ውብ ጽሑፍ አለ። ሌላ አነሳች፣ ደግሞ ሌላ። አንዱ ላይ "የሚጨምሩት ካለ" ከሚለው መስመር አጠገብ፣ "ስለ ምንም አይጨነቅም፤ በእሱ ፈንታ የምጨነቀው እኔ ነኝ" ተብሎ ተጽፏል። የኔ ላይ ስትደርስ የገዛ ጽሑፏን አገኘችው። ለየሾፌሩ ደውላ ስታጣራ፣ ከአርባ ሁለታችን የሠላሳ አንዳችንን ወረቀት የሞሉት ሚስት፣ እህት ወይም እናት ነበሩ።

የመስመሬ መጨረሻ ላይ ቆሜ ሳለ ደወለችልኝ። "ዝም ካልኩ ቦታውን አጣሁ። ከተናገርኩ ደግሞ ወረቀቱን ከግቢ ያስወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያኔም አጣሁ። ምን ይሻለኛል?" አለችኝ። ልቤ ድው ድው እያለ፣ በዚያው በለመድኩት ድምፅ፣ እንደመሰለሽ አድርጊ አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ሳጥኑን ታቅፋ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። ባለሙያውም እዚያው ነበር። ወረቀቱ ከግቢ እንዳይወጣ አልተባለም ወይ ብለው አፈጠጡባት።

"ተብሏል" አለች። "አውቶቡስ እንዳይዘገይ ብዬ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ጌታዬ፣ ይሄ ወንዶቹን አልለካም፤ ሠላሳ አንዱን የሞላው ሌላ እጅ ነው።"

ባለሙያው ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ፊቱ አመድ መሰለ። መነጽሩን አወለቀና "እውነቷን ነው" አለ፤ "እኔ የለካሁት ወንዶቹን ሳይሆን ቤታቸው ያሉት ሴቶች ስለ እነሱ የሚያስቡትን ነው።"

እንደገና ይሞላ ተባለ። ተራ በተራ ማሠልጠኛ ክፍል ገባን። እኔ ለመቀለድ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። "የቤተሰቤ ሰው ሲዘገይ ክፉ ክፉው ይታየኛል" ይላል። ባለቤቴ ያከበበችልኝ አንድን ነበር። እኔ ደግሞ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ቆሜ፣ ከየአውቶቡሱ በሚወርደው ሰው ሁሉ መሃል ፊቷን የፈለግኩባቸው ምሽቶች መጡብኝ። አደጋ ደርሶባት ይሆን እያልኩ፣ ስትወርድ ሳያት ደግሞ እንደ ዋዛ ፊቴን አዙሬ። አምስትን አከበብኩ። እርሳሱ ወረቀቱን ቀደደው።

ባለሙያው አላድበሰበሰም። ሴቶቹ በጭንቀት አሁንም ትንሽ ይበልጣሉ አለ። ነገር ግን ከሁሉ አብልጠው ከሚጨነቁት አሥር ሠራተኞች አራቱ ሾፌሮች ናቸው፣ ከረጉት መሃል ደግሞ ትኬት ቆራጮች ሞልተዋል፤ በዚህ ልዩነት አንድን ሰው መሾምም መጣልም አይቻልም ብሎ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ ተነጫነጩ፤ ቀጥሎ የሁለት ዓመቱን የስምሪት መዝገብ አስመጥተው አነበቡ። በሳምንቱ ባለቤቴ በአንድ ፖስታ ሁለት ደብዳቤ ተሰጣት፤ አንዱ ሹመት፣ አንዱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። መጀመሪያ ያነበበችው ማስጠንቀቂያውን ነው፣ እሷ መቼም።

ማታ እራት ላይ ቆማ፣ "አሥራ ሰባተኛውን ስንት አልክ?" አለችኝ።

"አምስት።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እግር ማፍታታቱስ?"

ሁለታችንም ከተርበተበትን ቤቱን ማን ያቆመዋል ብዬ ነው ልላት ጀምሬ መሃል ላይ ተውኩት።

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ" አለች፣ "ብቻዬን የምጨነቅ እብድ መስዬ ኖርኩልህ።" ተናዳ ነበር። ልክም ነበረች።

በማግስቱ ዝናብ ሆነ፣ እሷም አርባ ደቂቃ ዘገየች። ጫማዬን ሳጠልቅ ልጃችን፣ አባዬ እግርህን ልታፍታታ ነው? አለችኝ። አይ፣ እናትሽ አሳስባኝ ነው አልኳት፤ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ። መድኃኒት ቤቱ ጋ ሳልደርስ አየኋት። ጃንጥላዋን እንኳ ሳትዘረጋ፣ በስብሳ፣ ልትሮጥ ምንም አልቀራት። ምን ሆንሽ ብዬ ክንዷን ያዝኩት።

"ምንም" አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ስዘገይ ትጨነቃለህ ብዬ ነው።"