ወደቡ ላይ የቀረው ልጅ

ጎረቤቴ ቤሪል ባሏን ዊልፍን ይዛ በመርከብ ወደ ሆላንዷ ሮተርዳም ልትሄድ መሆኗን ነገረችኝ። ዊልፍ ማስታወስ እየተሳነው ነው፤ የገዛ ቤቱን በር አልፎ የሚሄድበት ቀን አለ። እሷ ግን በወጣትነታቸው በየበጋው ከእንግሊዙ ሃል ወደብ ተሳፍረው ይሄዱበት የነበረውን መንገድ ዳግም ቢያየው ልቡ ይመለሳል ብላ ተስፋ አድርጋለች።

ሲነሱ ደህና ነበር። የተጠበሰ ዓሣና ድንች በሉ፤ የመርከቡ ሙዚቀኛ ሲዘፍን ዊልፍ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ተከተለው። መርከቡ ከወንዙ አፍ ወጥቶ ባሕሩ ሊንጠው ሲጀምር ግን ድንገት ብድግ አለ።

«ልጁስ?» አላት።

«የቱ ልጅ?»

«ግሌን ነዋ። ወደቡ ላይ ትተነው መጣን እኮ።»

ግሌን አንድ ልጃቸው ነው፤ ሊድስ ከተማ የሚኖር፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው። ይህንኑ ነገረችው፤ ፎቶውንም ከስልኳ አውጥታ አሳየችው። ዊልፍ አየት አድርጎ፣ «ይሄ ሽማግሌ ደሞ ማነው?» አለና ወደ መውጫው በር ሄደ። በሩ ተቆልፏል። ለግሌን ልትደውል ሞከረች፤ ከየብስ ርቀዋልና ስልኩ አይሠራም። አንዲት ወጣት አስተናጋጅ ሻይ ይዛ ስትመጣ ዊልፍ መርከቡን እንድታስመልስለት እጇን ይዞ ለመናት። አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል። «አባባ፣ አልችልም እኮ» ከማለት በቀር ምን ትበል? አስተናጋጇም አለቀሰች።

ቤሪል እንደነገረችኝ፣ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ምን ዓይነት እናት ነሽ?» አላት። ቤሪል በሩ ሥር ወለሉ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እዚያው ነጋባቸው።

ሮተርዳም ሲደርሱ፣ እንኳን ከተማውን ሊያይ ከወደቡ ንቅንቅ አልልም አለ። ሽርሽሩ ቀረና በዚያው መርከብ ተመለሱ። ቤሪል ከዚያ ደውላለት ስለነበር ግሌን ሃል ወደብ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ዊልፍ እየተጣደፈ ወጥቶ ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ሲያንከራትት ከቆየ በኋላ ልጁ ፊት ቆመ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አንድ ትንሽ ልጅ አላዩም? ቀይ ኮት የለበሰ።»

ግሌን እናቱን አየ። እሷ አቀረቀረች።

«አይቼዋለሁ» አለ ግሌን። «ደህና ነው። አክስቱ መጥታ ወሰደችው።»

ዊልፍ በረጅሙ ተነፈሰ፤ የልጁን እጅ ጨብጦ ደጋግሞ አመሰገነው። የግሌን መኪና ውስጥ ግባ ሲባል ግን ከማላውቀው ሰው ጋር አልሄድም ብሎ እምቢ አለ። ቤሪል ክርኑን ይዛ ወደ ከተማ አውቶቡስ መራችው። እኔና ግሌን ሻንጣቸውን መኪናው ላይ ጭነን ከኋላ ተከተልን። አውቶቡሱ በየፌርማታው ሲቆም እኛም እንቆም ነበር።