ለእንቁላል የሚሆን ባሌስትራ

ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ የኋላ ባሌስትራ ለማስቀነስ የመጣ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ሁሉም የሚመጣው ለማስጨመር ነው። ከመኪና ስር የሚደራረበው የብረት ቅጠል ሲበዛ መኪናው ብዙ ይሸከማል፣ ብዙ የተሸከመ ብዙ ያተርፋል። እኔም ጭቃ የማትፈራውን አሮጌ ፒክአፔን ከአንድ ድንጋይ ነጋዴ ስገዛ፣ "ሁለት ቅጠል አስጨምሬባታለሁ" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የእኔ ሸቀጥ ግን እንቁላል ነው። ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ካሉ መንደሮች እየሰበሰብኩ ሳሪስ ላለች የኬክ ቤት ባለቤት አቀርባለሁ። እንቁላል ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። መኪናዋ የተጫነች ስለማይመስላት ኮረኮንቹ ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች። አንድ ቀን የታችኛው ትሪ ሲነሳ አስኳል ተንጠባጠበ። የኬክ ቤቷ ባለቤት በጣቷ ነካ አድርጋ፣

"እኔኮ የምመታው ራሴ ነኝ፤ አንቺ መትተሽ አታምጪልኝ" አለች። "ለፋሲካም እንዲህ ሆኖ ከመጣ ሌላ ሰው አላጣም።"

ፋሲካ ያመለጠው የእንቁላል ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ቢተኛ ይሻለዋል።

ከጋራዡ አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጠው የስልጤ ሰው፣ የመኪናን ኋላ ከፍ የሚያደርግ የሚያብረቀርቅ አዲስ ባሌስትራ አወጣልኝ።

"እትዬ፣ ይሄ ተራራ ያወጣል።"

"ተራራ ላይ ማን እንቁላል ሊገዛኝ? ለስላሳ ነው የምፈልገው።"

"ለስላሳ አይጥሩብኝ፣ ጾመኛ ነኝ።"

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። ሻጩም፣ መካኒኩም፣ እኔም ሆዳችን ባዶ ነው።

ለመካኒኩ፣ የተጨመሩትን ሁለት ቅጠሎች እንዲያወጣና ዝላይ የሚያበርዱትን የደከሙ አሞርዛተሮች በአዲስ እንዲቀይር ነገርኩት። ከመኪናዋ ስር አንገቱን አወጣ።

"ሰው ያስጨምራል እንጂ ያስቀንሳል እንዴ? ኋላ ኩንታል ሲጭኑባት ቁጢጥ ብትል እንዳይወቅሱኝ።"

"እንቁላል በኩንታል አይሸጥም።"

ሁለቱን ቅጠሎች አውጥቶ የቀሩትን ገጠመ፣ ቡሎኖቹን ግን አላጠበቀም። መኪናዋን ከክሪክ አወረደና የምትጭነውን ያህል ክብደት ካልተቀመጠባት አልነካም አለ። ተንጠልጥላ ሳለች ቡሎኖቹ ከጠበቁ መጋጠሚያው ላይ ያሉት ላስቲኮች ተጣመው ይቀራሉ፣ ያኔ ቅጠል መቀነሱም ዋጋ የለውም። እንቁላል ስላልነበረን የመለዋወጫው ሻጭ፣ ሁለት መንገደኞችና እኔ ከኋላ ወጥተን ተደርድረን ተቀመጥን።

"ይሄ ሁሉ ጾመኛ ምን ይመዝናል?" አለ መካኒኩ ከስር። "አንድ ሰው ጨምሩ!"

ጨመርን። አጠበቀው።

ለሙከራ አንድ ትሪ እንቁላል ከሱቅ አመጣሁና ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው የተቆፋፈረ መንገድ ሄድን። "የተሰበረውን ትበላዋለህ" አልኩት መካኒኩን። ሁዳዴን በእርስዎ እንቁላል አልገድፍም አለኝ። ስንመለስ የተሰነጠቀው አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ጾም የማታውቀው የጋራዡ ድመት ወሰደችው።

በሆሳዕና ማግስት መኪናዋን አፍ እስከ ገደፏ ሞልቼ ሳሪስ ደረስኩ። የኬክ ቤቷ ባለቤት የላይኞቹን ትሪዎች ዞር ብላ አላየችም፤ ነጋዴ ከላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። የታችኛውን ጎትታ አወጣችና በመዳፏ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው። ከሌላው ጥግ ሌላ ጎተተች። እሱም ደረቅ።

"መኪና ቀየርሽ?"

"ያቺው ናት።"

"እንግዲያው ከአቃቂ ዱቄቴንም አንቺው አምጪልኝ። ዓመቱን ሙሉ ሥራ እሰጥሻለሁ።"

ዱቄት ደግ ሸቀጥ ነው፤ አይሰበርም፣ ጾምም አያስቆመውም። "እሺ" ልል አፌን ከፍቼ ዓይኔ ቅጠል ባስቀነስኩበት የመኪናዋ ኋላ ላይ አረፈ።

"አልችልም" አልኳት።

"ዋጋ ልትሰቅይብኝ ነው አይደል?"

"አይደለም። መኪናዬ አትሸከምም።"

"ይሄን የሚያህል መኪና?"

"ይሄን የሚያህል መኪና።"

ቆማ አየችኝ። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ከእኔ ጋር ትሪዎቹን ማውረድ ጀመረች።