ንፍሮ ብቻ እበላለሁ ያልኩበት ወር

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጌታ ይባረክ! ሰው ፊት መቆም የለመድኩት ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ነው፤ ብደናገር ታገሡኝ። ዛሬ የቆምኩት ጌታ ከምን እንዳወጣኝ ልነግራችሁ ነው። ከበሽታ አይደለም፣ ከሱስም አይደለም። ከውሸት ነው። ስሙ ይባረክ!

እዚሁ ሆሳዕና አስተማሪ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ያደግኩት በአማኝ ቤት ነው፤ መዝሙሩን ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ፤ እሑድ እሑድ ከባለቤቴ ከአስቴር ጎን እቀመጣለሁ። ልቤ ግን እዚህ አልነበረም። በሰው ዘንድ ጥሩ መባል ይበቃኝ ነበር።

ከዶዮገና ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ ናዳ ወርዶ ቤቱንም ማሳውንም የወሰደ ጊዜ ሁላችንም አዝነናል። ያን ሰሞን በመምህራን ክፍል ተነሣሁና፣ "የተረፉት የሚበሉት የበቆሎ ንፍሮ ነው። እኔም አንድ ወር ከንፍሮና ከውኃ በቀር አልቀምስም። እናንተ ደግሞ ለምጾመው ለእያንዳንዱ ቀን ለተጎጂዎች ብር ስጡ" አልኩ።

ምክትል ርእሰ መምህሩ ሳቀ። "አንተ? ሥጋ ቤቱ ሐዘን ሊቀመጥ ነው!"

ወሬው እዚህም ደረሰ፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ቃል ገባችሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሺንሺቾ አማቴን ልጠይቅ ሄድኩ። እሳቸው ስለ ጾሙ አልሰሙም። "ምነው ከሳህ? አስቴር አታበላህም እንዴ?" ብለው ቆጮና ክትፎ አቀረቡ። አማት ያቀረበችውን መግፋት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ለራሴ እንዲያ አልኩ። እውነቱን ብነግራቸው ግን ራሳቸው ንፍሮ ይቀቅሉልኝ ነበር። በላሁ። ተጨመረልኝ፣ ደግሜ በላሁ።

ሰኞ፣ "ጾሙ እንዴት ነው?" ሲሉኝ፣ "ጌታ እያበረታኝ ነው" አልኩ። ወገኖቼ፣ የጌታን ስም ጠርቼ ዋሸሁ! ከዚያማ ቀለለኝ፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሺንሺቾ ነበርኩ። አማቴ፣ "እንደ እኔ አማቹ የሚወደው ማን አለ?" እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር።

ወሩ አለቀ፣ በተሰበሰበው ብር እህል ተገዛ፣ እኔም ከእርዳታ ኮሚቴው ጋር ላደርስ ሄድኩ። እዚያ አቶ ላምቦሬ የሚባሉ፣ ናዳው ልጃቸውን የወሰደባቸው አዛውንት እጄን ይዘው ወደ መጠለያቸው አስገቡኝ።

"ለእኛ ብለህ ወር ሙሉ ንፍሮ የበላኸው አንተ ነህ አሉ" አሉኝ። ከጓሯቸው የተረፈችውን አንዲት እንሰት ነቅለው ሥሯን ቀቅለውልኛል። አሚቾ! "ጾምህ አልቋል፤ እንግዲህ ብላ።" አንዲት እንሰት ስንት ዓመት ተጠብቃ እንደምትደርስ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እጄ አልዘረጋ አለኝ። አፈርኩ፣ እንባዬ መጣ። "አባቴ፣ አልጾምኩም። ሥጋ ስበላ ነው የከረምኩት። ዋሽቻለሁ" አልኳቸው።

ያስወጡኛል ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ከአሚቾው ቆረሱና በእጃቸው አጎረሱኝ።

"የቀቀልኩት ጾመሃል ብዬ ነበር፤ የማበላህ ግን እንግዳዬ ስለሆንክ ነው። ቁጭ በል።"

ወገኖች፣ ስለ ጸጋ ስንት ስብከት ሰምቻለሁ! የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። እዚያው ተንበርክኬ ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ። አቶ ላምቦሬ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ሃሌ ሉያ!

ለመምህራኑ ተናግሬአለሁ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም፤ አልፈርድባቸውም። ለእናንተ ግን እስከ አሁን አልተናገርኩም ነበር። እኔን አምናችሁ የሰጣችሁ ወገኖች፣ ይቅር በሉኝ። ከዛሬ በኋላ እንደ በፊቱ እንደማታዩኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጌታን አመሰግናለሁ፣ አሁን ቀሎኛል። ደግሞም በመካከላችን ስሙ አምሮ ውስጡ የጨነቀው ሰው ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ለጌታ እውነቱን ንገረው፣ ንገሪው። እኔ ያስወጣኛል ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ እርሱ ግን አስቀመጠኝ።