ሦስት ጊዜ የተጠየቀው የጋሽ ዘውዱ ዳሌ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ሚያዝያ ላይ ነው። ያልረሳሁት፣ ከሃያ ዓመት በላይ በጋዜጠኝነት ሠርቼ በገዛ ዳሌዬ ጉዳይ ልሳሳት ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

የግራ ዳሌዬ መገጣጠሚያ አልቆ ነበር። እዚህ ቶሮንቶ የሚያየኝ ቀዶ ጠጋኝ መገጣጠሚያው ሙሉ በሙሉ ይቀየር አለ። የጭኑን አጥንት ክብ ራስ ቆርጦ ያወጣና ሰው ሠራሽ ይተክላል። እኔ ደግሞ ሪሰርፌሲንግ ስለሚሉት አንብቤ ነበር። በዚያኛው የአጥንቱ ራስ አይቆረጥም፤ ተሞርዶ የብረት ቆብ ይደፋበታል፤ የሚገባበት ጎድጓዳም በብረት ይለበጣል። አጥንቴን ማትረፍ ፈለግሁ።

«ያኛው ለምን አይሆንም?» አልኩት።

«ብረት ከብረት ሲፋተግ ብናኙ ደም ውስጥ ይገባል። ኩላሊትህ ደከም ያለ ነው፤ ማጣራት ይከብደዋል።»

ሪሰርፌሲንግ እሱ ራሱ እንደማይሠራ ሳውቅ ግን ጠረጠርኩ። የማይሸጠውን ዕቃ የሚያወድስ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

እዚሁ ከተማ ኢስት ዮርክ ሰፈር የሚኖሩት የማውቃቸው ጋሽ ዘውዱ ሪሰርፌሲንግ ካሠሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ኮል አደረግሁላቸው።

«ጋሽ ዘውዱ፣ ዳሌዎ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! በጣም ደህና ነኝ። አንተስ? ልጆችስ?»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በሳምንቱ ደገምኩ፤ ያው መልስ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሁ፤ ያው። ሦስት ማረጋገጫ ብዬ ቆጠርኩትና የቀዶ ሕክምና ቀጠሮዬን ላሰርዝ ወሰንኩ። ከዚያ በፊት የእሳቸውን ሐኪም ስም ለመጠየቅ ስደውል፣ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አነሱት።

«የለም፤ ደሙን ሊመረመር ሄዷል።»

«የምን ደም?»

«ብረቱ ነዋ! ደሙ ውስጥ በዝቶ ተገኘ። ሊያወጡለት ቀን ቆርጠዋል።»

«በጣም ደህና ነኝ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ምን ይበልህ? ጤና ይስጥልኝ ላለው ሁሉ የሆስፒታል ፋይሉን ያንብብ?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። «ሦስት ጊዜ ጠይቄዎት ነበር» አልኳቸው።

«ሰላም አልከኝ እንጂ መች ጠየቅኸኝ?»

እንግዲያው ልጠይቅ ብዬ ጀመርኩ። ካልሲዎን ማን ያጠልቅልዎታል? «አስካለ።» ደረጃስ? «ከጥቅምት ወዲህ በቂጤ ነው የምወርደው። አራት ዓመት ግን ሮጬበታለሁ፤ ሐሰት የለበትም።»

የኩላሊት ምርመራ ውጤቴን ለቤተሰብ ሐኪሜ አሳየሁ። ቀዶ ጠጋኙ ያለውን ደገመችልኝ። በቀጠሮዬ ቀን ገብቼ ዳሌዬን አስቀየርኩ፤ ዛሬ ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ።

ሰው መጠርጠር አልተውኩም፤ ሥራዬ ነው። የሚያሳፍረኝ ምክንያቱን ዘርዝሮ የነገረኝን ሰው ጠርጥሬ፣ ሰላምታን እንደ ማስረጃ ደብተሬ ላይ ማስፈሬ ነው።