ሰገነት ያላጠፋችው አድራሻ

ሰገነትን የሚወድ ሰው ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ። እኔም የምቀርባት ፎቶ ቤት አብሬያት ስለምሠራ እንጂ ወድጃት አይደለም። ደንበኛ ገና ደጁን ሲረግጥ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ሙሽራ እንኳ ብትመጣ «ቅንድብሽን ማን አበላሸው?» ብላ ታሸማቅቃታለች።

ለማህሌት ብቻ ምላሷ ይለዝባል። ማህሌት ከሚደበድባት ባሏ ከገድሉ አምልጣ ከዱርቤቴ የመጣች ጥልፍ ጠላፊ ናት። ቀሚሶቿን ቤቷ ውስጥ በስልኳ እያነሳች በቴሌግራም ትሸጣለች። ገዢዎቿ ደግሞ ክሩ ጥርት ብሎ እንዲታያቸው «በፋይል ላኪልን» ይሏታል። በፋይል የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ደብቆ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሰገነት እያንዳንዱን ፎቶ ይህን በሚያጠፋ ሶፍትዌር አጽድታ ትመልስላታለች።

ባለፈው ሐሙስ ማህሌት ስልኳን እንደያዘች ገባች። ገድሉ ገዢ መስሎ ፎቶ ሲቀበላት ኖሯል፤ ያን ዕለት የግቢዋን በር አንስቶ ላከላት።

«ሸጥሽኝ» አለቻት ሰገነትን።

ሰገነት ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ተቆጣች። ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ «ተጠናቋል» እንደሚላት፣ አድራሻዋን ያወጣችው ለጎረቤት ስትለፈልፍ የምትውለው ራሷ ማህሌት እንደሆነች ተናገረች። ደሜ ፈላ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ስቤ ጸዳ የተባለውን ፎቶ ስከፍተው ቦታው ቁልጭ ብሎ ታየ። የሌሎች ደንበኞች ፎቶዎች ንጹሕ ናቸው። የማህሌት ግን አንዱም አልጸዳም።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። ሰገነት ሰው ስለምትንቅ የሌላውን ደንበኛ ፎልደር ሁሉ በቁጥር ነው የምትሰይመው። ማህሌትን ስለምትወዳት ግን ስሟን በአማርኛ ጽፋላታለች። ያ የፈረንጅ ሶፍትዌር ፊደላችንን ማንበብ ስለማይችል ፎልደሩን ዘሎ ያልፍና «ተጠናቋል» ይላል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሰገነት የጸዳውን ፎቶ አንድ ቀን እንኳ ከፍታ አላየችም፤ ይህን እስካሁን ይቅር አልላትም።

ሰገነት ስሙን በቁጥር ቀየረችው፤ ሶፍትዌሩ ወዲያው ሁሉንም አጸዳ። ከዚያ የራሷን ቤት ቁልፍ አውጥታ «እኔ ዘንድ እደሪ» አለቻት። ማህሌት ቁልፉን አልነካችውም።

«ገድሉን ጠላቴ መሆኑን ስለማውቅ ሸሸሁት» አለች። «አንቺን ግን እንድሸሽ ማን ይንገረኝ?»

በማግስቱ ሐይቁን በጀልባ ተሻግራ ጎርጎራ ገባች። የት እንዳረፈች አውቃለሁ። ሰገነት እያለቀሰች ብትለምነኝም አልነገርኳትም።